ስሙ የተፋቀ ማሊያ

ባለፈው ክረምት፣ የዲላ ዝናብ ከቤት በማያስወጣበት ሰሞን፣ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄ በአሮጌው ኮምፒዩተራችን ፊት ተቀምጦ ያመሽ ነበር። ሥራውም ኮናሚ የተባለው የጃፓን ድርጅት ባወጣው «ፔስ 2017» በተሰኘው የእግር ኳስ ጨዋታ ውስጥ ለአገራችን ቡድኖች ማሊያ እየሣለ ማስገባት ነው። እንዲህ በሌላ ሰው ጨዋታ ላይ የሚጨመረውን ሥራ ልጆቹ «ሞድ» ይሉታል። የዋልያዎቹን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን፣ የሀዋሳ ከተማንና የጌዴኦ ዲላን ማሊያ እስከ ስፌቱ ድረስ ሣለ፤ በመግቢያው ሥዕል ጥግም ስሙን ጻፈ። ሁለት ወር የደከመበትን ለጓደኞቹ በነፃ ባደለ ጊዜ እኔም ኮራሁበት።

መስከረም ከጠባ በኋላ ግን አንድ ቀን ዓይኑ ቀልቶ መጣ። «አባባ፣ የእኔን ሥራ በፍላሽ እየጫኑ በሃምሳ ብር ይሸጡታል፤ ስሜንም ፍቀውታል» አለኝ።

ተያይዘን ወደ ሱቁ ሄድን። ባለ ሱቁ ከመደንገጥ ይልቅ ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ጨዋታውን እኮ ለልጅዎ የጫንሁለት እኔ ነኝ፤ ገንዘቡንም የከፈሉኝ እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ ስለ ባለቤቱ ጠይቀውኝ ነበር?» አለኝ። እውነቱን ነውና የምመልሰው አጣሁ።

ስንመለስ ልጄ፣ «የብራና ጸሐፊዎችስ ሲቀዱ አልኖሩምን?» ብሎ ሞገተኝ። ቀድተዋል፤ ነገር ግን በመጽሐፉ መጨረሻ የጻፈውንና ያጻፈውን ስም አኑረው፣ የሚፍቀውን ያወግዙ ነበር።

ማታ ሕጉን ፈልጌ አነበብሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ከመጽሐፍና ከሥዕል ጋር ከሚጠበቁት ሥራዎች ይቈጥረዋል። ከሌላ ሥራ ተነሥቶ የተሠራውንም ይጠብቃል፤ ይኸውም የፊተኛውን ባለቤት መብት ሳይነካ ነው። እንግዲህ የልጄ ሥዕል የልጄ ነው፤ ጨዋታው ግን ዛሬም የኮናሚ ነው። (የክለቦቹ ዓርማም የክለቦቹ መሆኑን ሳልጠቅስ አላልፍም።) ዋጋውን ከፍለን እንግዛ ብንል ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ በቤታችን የለም። ትልልቆቹ ድርጅቶች ጨዋታቸውን በኢንተርኔት ቍልፍ ይቈልፋሉ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ይሰበራል። ልጄ ግን ከስሙ በቀር ምንም ቍልፍ አልነበረውም።

የስምን ነገር የጌዴኦ ሰው አያጣውም። መንግሥታችን «ይርጋጨፌ» የሚለው ስም የንግድ ምልክት ሆኖ እንዲመዘገብለት በ1997 ዓ.ም. ለአሜሪካ አመለከተ፤ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክርም በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ያን ጊዜ በቡና ላይ ተቀምጠን «ስማችንን!» እያልን ስንቈጣ፣ አንባቢዬ ሆይ፣ እኔም ከተቈጡት አንዱ ነበርሁ። የሌላውን ድካም በፍላሽ ስቀበል ግን እጄ አልከበደኝም።

ፔሱን ከኮምፒዩተሩ አጠፋነው፤ ማሊያዎቹን ልጄ አስቀምጧቸዋል። አሁን «ጎዶት» የሚባለውን የጨዋታ መሥሪያ ይማራል። ይህን መሣሪያ ማንም እንዲገለብጠው፣ እንዲለውጠውና በእርሱም ሠርቶ እንዲሸጥ ተፈቅዷል፤ የሚጠየቀው የባለ መብቶቹ ስምና የፈቃዱ ቃል እንዳይወጣ ብቻ ነው። የጀመረው ገበጣ ነው። ሰሌዳውን ሥሎ ጨርሷል፤ ጠጠሮቹ ግን ገና በትክክል አልቈጠሩለትም።