የቀኑ ርዝማኔ በዋሽንግተን

ሰው ከአገሩ ርቆ በሄደ ጊዜ ወዳጅ ዘመድ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቤቱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ደመወዙ ነው። እኔንም በስልክ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ዐርባ ዓመት የሞላው ሰው ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ከምግቡና ከቤቱ ይልቅ የሚለወጥበት ሰዓቱ መሆኑን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ ለውድ አንባብያን ስለ ዋሽንግተን ከተማ ለመጻፍ ስነሣ ከሰዓት ነገር መጀመርን መረጥሁ። ስለ እንጀራው እንደ ሆነ ብዙ የሚያሳስብ ነገር የለም፤ ጤፍ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አይዳሆ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት እየተዘራ ነው፤ ጋጋሪውም ሞልቷል።

በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ፊደል ቈጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ዲቁና ተቀብዬ ካገለገልሁ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብቼ የመልክዐ ምድር መምህር ሆንሁ። ዐሥራ ስምንት ዓመትም በጠመኔ ብናኝ ውስጥ ኖርሁ። በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. የዕጣ ቪዛ ደርሶን ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ወደዚህ አገር ስንመጣ ዐርባኛ ዓመቴን ጨርሼ ነበር። ይህ ዕጣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከዕድለኛው ይጠየቅ የነበረው ትምህርት የሁለተኛ ደረጃን መጨረስ፣ ያም ባይሆን የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ነበር። ዕጣው የመግቢያውን በር ይከፍታል እንጂ ከገቡ በኋላ ምን ሠርተው እንደሚያድሩ አይናገርም።

ዋሽንግተን ፖቶማክ በተባለው ታላቅ ወንዝ ዳር የተሠራች ከተማ ናት። ወንዙን የተሻገረ ሰው ቨርጂኒያ ይገባል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ሜሪላንድ ትከባታለች። ከእኛ ወገን የሚበዛው ሰው ሥራው በከተማዪቱ፣ ማደሪያው ግን በሁለቱ ግዛቶች ነው። የኒው ዮርክን ሥዕል አይቶ የሚመጣ እንግዳ እዚህ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሲያጣ ይደነቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1910 የወጣ ሕግ የሕንፃዎቹን ቁመት ስለ ወሰነው ነው። በዚህም ምክንያት ሰማዩ ሰፊ ሆኖ ይታያል። ከሁሉ በላይ ብቻውን ቆሞ የሚታየው 169 ሜትር ቁመት ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን የመታሰቢያ ሐውልት ነው። ልብ ብሎ የተመለከተው ሰው ከሩብ ቁመቱ ጥቂት ከፍ ሲል የድንጋዩ ቀለም እንደሚለወጥ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1854 ገንዘብ አልቆ ሥራው ቆመ፤ እንደገና የተጀመረው በ1879 ነው፤ በመካከሉ ሃያ አምስት ዓመት ሄደ። በኋላ የመጣው ድንጋይ የፊተኛውን ቀለም ሊመስል አልቻለም።

የአገራችን ሰው በዚህች ከተማ እንግዳ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1867 በተመሠረተው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና ተምረው በ1935 ተመርቀዋል፤ ወዲያው ወደ አገራቸው ተመልሰው በጣሊያን ወረራ ጊዜ አገልግለዋል። ከዩኒቨርሲቲው ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው ሰፈር ዛሬ የአማርኛ ጽሑፍ በየሱቁ ደጃፍ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው የከተማዪቱ የቋንቋ ሕግ ወዲህም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ከሚተረጐምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆኗል። ሆኖም በአማርኛ የተጻፈውን ማስታወቂያ አንብቦ መረዳትና በተማሩት ሙያ ሥራ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እኔ ያገኘሁት ሥራ ከምድር በታች ሦስት ፎቅ በወረደ የመኪና ማቆሚያ፣ እዚህ ሁሉም ፓርኪንግ በሚሉት ቦታ ነበር። ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩት በዚሁ ነው። መኪናውን መቀበል፣ ቲኬት መስጠት፣ ማታ ማታ ወለሉን መጥረግ ነው። የዚያ ፓርኪንግ አለቃ ከዓመታት በፊት ስምንተኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ባየኝ ጊዜ «ቲቸር!» ብሎ ተንበርክኮ ሊስመኝ ምንም አልቀረውም። በመጀመሪያው ሳምንት የቆሻሻውን በርሜል ባነሣሁ ቍጥር «ቲቸር፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ አወጣዋለሁ» እያለ ይነጥቀኝ ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች መመልከት ጀመሩ። በሰባተኛው ቀን ለብቻው ጠርቼ «ልጄ፣ በክፍል ውስጥ አለቃህ እኔ ነበርሁ፤ እዚህ ደግሞ አለቃዬ አንተ ነህ። ሥራዬን ስጠኝ» አልሁት። ዐይኑ እንባ ቢያቀርርም ከዚያ ቀን ጀምሮ በርሜሉን ለእኔ ተወልኝ። እንዲህ ያለ ትሕትና ያለው ልጅ ማስተማሬን ሳስብ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ያስቸገረኝ ጥርጊያው ሳይሆን ጨለማው ነው። በታኅሣሥ ጎሕ ሳይቀድ እወርዳለሁ፤ ስወጣም ፀሐይ ጠልቃለች። ቀንና ሌሊት የምለየው ማሽኑ በቲኬቱ ላይ በሚያትመው ቍጥር ነው፤ ያም ቢሆን ቍጥሩ ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር እንጂ እንደ እኛ ከንጋት የሚነሣ አይደለም። በአገራችን ሰዓቱና ሰማዩ ዘመዳሞች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ወደ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ ወደ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማም ትገባለች። እዚህ ግን ሰዓቱን ራሱን መንግሥት በሕግ ያንቀሳቅሰዋል፤ በመጋቢት መግቢያ ገደማ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋና በጥቅምት መጨረሻ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ክፍያው በሰዓት ነው። የመምህር ደመወዝ ትንሽም ቢሆን በወር የሚቈጠር ነበርና አንዲት ሰዓት ስንት እንደምታወጣ አስቤ አላውቅም ነበር። እዚህ ሰው ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠያየቀው «በሰዓት ስንት ይከፍሉሃል?» ብሎ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ መሥሪያ ቤቶቹ ተዘጉ፤ ፓርኪንጉም ባዶ ሆነና አሰናበቱን። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የዚያን ዓመት ፋሲካ ብዙዎቻችን ቅዳሴውን በየቤታችን በስልክ እየተከታተልን አከበርን። እኔም ከሁለት ክረምት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሰማይ የማይ ሰው ሆንሁ። ከልጆቼ ጋር በወንዙ ዳር እንሄዳለን። ቀኑ ይረዝማል፤ አሁንም ይረዝማል። በሰኔ አጋማሽ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይዋ ገና በዛፎቹ ጫፍ ላይ ነበረች። ልጄ «አባዬ፣ የማታ ጸሎት በፀሐይ ይጸለያል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዚያች ምሽት ከአገሬ ይዤው የመጣሁትን ስንክሳር ገለጥሁ። አንባቢ እንደሚያውቀው ስንክሳር በየወሩ መባቻ የወሩን ቀን ርዝማኔ ይነግራል፤ ለመስከረም ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ለታኅሣሥ ዘጠኝ፣ ለሰኔ ደግሞ ዐሥራ አምስት ሰዓት ይሰጣል። በዲቁናዬ ዘመን ይህን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! በጎጃም ግን የታኅሣሥ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያየ ሰው የለም። በአዲስ አበባ እንኳ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ያህል፣ ረጅሙም ከ12 ሰዓት ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው። በዋሽንግተን ግን በታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ ፀሐይ የምትታየው 9 ሰዓት ከ26 ደቂቃ፣ በሰኔ 14 ቀን ገደማ 14 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ነው። መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ስለ ሆነ ቍጥሩ ከሰሜን እንደ መጣ መገመት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ የካይሮ ቀን እንኳ በታኅሣሥ ከ10 ሰዓት አይወርድም። በአባቶቻችን መጽሐፍ የተጻፈው ቍጥር ይህን ያህል ተጠግቶ ያገኘሁት በፖቶማክ ዳር ነው። መጽሐፈ ሄኖክም በረጅሙ ቀን መዓልቱ የሌሊቱን እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል፤ እዚህ እጥፍ ባይሞላም መንገዱን ከግማሽ በላይ ሄዷል።

የመልክዐ ምድር መምህር እንደ መሆኔ ምድር 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ማዘንበሏን፣ በዚህም ምክንያት ከምድር ወገብ በራቅን መጠን የቀኑ ርዝማኔ ከወር ወር እጅግ እንደሚለያይ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥያለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ቍጥሩን፣ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ ምክንያቱን ሰጥተውኝ ነበር፤ ሁለቱ ተገናኝተው በዐይኔ ያየኋቸው ግን በዐርባ ሁለት ዓመቴ፣ ሥራ ፈትቼ በቆምሁበት ቦታ ነው። በማግሥቱ ለልጆቼ ብርቱካንና ሻማ አምጥቼ አስረዳኋቸው። የጎረቤት ልጆችም በመስኮት በኩል ያዳምጡ ነበር። ካስተማርሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበርና እጄ ላይ የጠመኔው ብናኝ አለመኖሩ እንግዳ ሆነብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ አላረፈም። ሁሉም ነገር በሰዓት የሚሸጥ ከሆነ የትኛውን ሰዓት ልሽጥ፣ የትኛውንስ ላስቀር? በሃያ ዓመቱ የመጣ ወጣት ይህን ማሰብ ላያስፈልገው ይችላል፤ ዐሥር ዓመት ሠርቶ ዐሥር ዓመት ይማራል። የዐርባ ዓመት ሰው ግን ከታኅሣሥ ቀን እንደሚነሣ መንገደኛ ማልዶ መቍጠር አለበት። ፓርኪንጉ ተከፍቶ መልሰው ሲጠሩኝ ረዳት መምህር ለመሆን ማመልከቴን ለባለቤቴ ነገርኋት። እርስዋ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ሒሳብ የማይጠፋት ሴት ናት፤ መልስ ሳትሰጠኝ ቀን መቍጠሪያውን አውርዳ የቤት ኪራይ የሚከፈልበትን ቀን በጣትዋ አሳየችኝ። ሦስት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻው የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ቀን ቀን በትምህርት ቤት ረዳት እሆናለሁ፤ ሐሙስና ዓርብ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ በምንም ዋጋ አይሸጡም። ገቢያችን ቀነሰ። ይህን የምጽፈው አስተማሪ ሆኖ ለመምጣት የሚያስብ አንባቢ ቢኖር እንዳይሰወርበት ነው። ሙሉ መምህር ለመሆን ዲፕሎማውን በሚመዝን ድርጅት ማስገመት፣ ፕራክሲስ የሚባለውን ፈተና መውሰድ ይጠየቃል፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተንም ፈቃዱን የሚሰጡት በየራሳቸው ደንብ ነው። ማርክ ወረቀትህን ትምህርት ቤትህ ባሸገው ኤንቨሎፕ ሳታሲዝ ከአገር አትውጣ፤ ከዚህ ሆኖ ማስላክ የወራት ልፋት ነው። እኔ አሁን በዐርባ ሰባት ዓመቴ ለፈተናው እያጠናሁ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ፊደል አስተምራለሁ። ሕንፃው ቀድሞ የሌሎች ክርስቲያኖች የነበረ ስለ ሆነ አግዳሚ ወንበሩ እንዳለ አለ፤ ልጆቹ በእርሱ ላይ ተደርድረው «ሀ ሁ» ይላሉ። አንዳንዱ «ጸ»ን እና «ጠ»ን ለመለየት ምላሱን ይይዛል፤ እንግሊዝኛው አላስለመደውም። እናቶች ሥራ ውለው የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ነጠላ ደርበው ይመጡና ከኋላ ተቀምጠው አብረው ያነበንባሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በአገራቸው ሳሉ ፊደል ያልቈጠሩ መሆናቸውን በኋላ ተረዳሁ፤ ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ ከ«ሀ» እንደገና ጀመርሁ።

የቀረው የወንድሜ ነገር ነው። በደብረ ማርቆስ በላክሁት ገንዘብ የጀመረው ቤት ግድግዳው እስከ መስኮቱ ደርሶ ቆሟል። የምልከው በመቀነሱ አዝኖ «ሰው ምን ይለናል? አሜሪካ ወንድም ያለው ሰው ቤት እንዲህ ይቀራል?» አለኝ። በሙሉ ቀን ፓርኪንግ ብቀጥል በሁለት ዓመት ክዳኑ ይመታ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ አልደበቅሁትምም። ለእናታችን መድኃኒት የሚሆነው እንደማይጐድል፣ ለቤቱ ግን የምችለውን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እንደምልክ ነገርሁት። የሐውልቱን ፎቶግራፍ ልኬለት የቀለሙን መለያያ እንዲፈልግ ብነግረው «የእኛ ብሎኬት ነው፤ ዝናብ ይበላዋል» ብሎ መለሰልኝ፤ እውነቱን ነው። ባለፈው ግንቦት ለላስቲክና ለሚስማር የሚሆን ላክሁለት፤ ክረምቱ ሳይገባ የግድግዳውን ራስ ሸፍኖታል።