ወጌሻው

እኛ ዘንድ ወጌሻ የወለቀ ይመልሳል፣ የተሰበረ ይጠግናል። በራግቢ ዓለም «ወጌሻው» ቢባል የሚያምርበት ሰው ሥራው ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ሳሞአዊው ብራያን ሊማ ባላጋራውን ሲገጥመው የሰውየው አጥንቶች ቦታ ይለዋወጣሉ እየተባለ ይቀለድ ነበርና፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በአከርካሪና በመገጣጠሚያ አካሚዎች ሙያ ጠሩት።

ራግቢ ለማያውቅ አንባቢ፦ ራግቢ ዩኒየን 15 ለ15 ሆነው የሚጫወቱት ነው። ኳስ በእጅ ወደ ፊት አይቀባበሉም፤ የያዛትን ሰው ግን ከትከሻ በታች ይዞ መሬት ላይ መጣል ይፈቀዳል። ሊማ የተዋጣለት እዚህች ላይ ነበር።

በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለ የዓለም ዋንጫ ተሰለፈ። አገሩ ያኔ «ምዕራብ ሳሞአ» ትባል ነበር፤ ስሟን ያሳጠረችው በ1997 ነው። ያች በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የተቀመጠች፣ ሕዝቧ ያኔ 200,000 የማይሞላ የደሴቶች አገር፣ ራግቢን እንደ ሃይማኖት የምትይዘውን ዌልስን እዚያው ካርዲፍ ላይ 16 ለ13 አሸነፈች። ጨዋታው ገና አማተር ነበርና ደመወዝ አልነበረም። አምበሉ ፒተር ፋቲያሎፋ ኒውዚላንድ ውስጥ እንጀራውን የሚያገኘው ፒያኖ በመሸከም ነበር። ይህን ያነበበ ሰው የዌልስ ተከላካዮች ምን እንደገጠማቸው ለመገመት ብዙ አይቸገርም።

ከዚያ ቡድን ውስጥ ፍራንክ በንስ በዓመቱ ኒውዚላንድን መርጦ የጥቁሩን ማሊያ ለበሰ። የሚወቀስበት ነገር የለም፤ ደንቡ ይፈቅድ ነበር። ሊማ ግን በሰማያዊው ማሊያ ቀጠለ።

ራግቢ ዩኒየን በ1995 ወደ ፕሮፌሽናልነት ሲገባ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ለብሉስና ለሃይላንደርስ፣ በኋላም እንግሊዝ ውስጥ ለብሪስቶል ተጫወተ። የሳሞአ ተጫዋች ሕይወት በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ የዕለት እንጀራው ባሕር ማዶ፣ ክብሩ አገር ቤት። ብሔራዊ ቡድኑ የሚከፍለው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሊማ ጫማውን ከሰቀለ ከዓመታት በኋላ እንኳ፣ በ2017 ለንደን ላይ እንግሊዝና ሳሞአ ሲገናኙ፣ የእንግሊዙ ተጫዋች ለአንዱ ጨዋታ 22,000 ፓውንድ ገደማ፣ የሳሞአው 650 ፓውንድ ገደማ እንደሚያገኙ ተዘግቧል። ያው ሜዳ፣ ያው 80 ደቂቃ፣ ያው ጉዳት።

በዚህ ሁሉ መሃል ሊማ በ1991፣ በ1995፣ በ1999፣ በ2003 እና በ2007 በአምስት የዓለም ዋንጫዎች ተሰልፎ ከእሱ በፊት ማንም ያልደረሰበት ደረሰ። በ1999 ካርዲፍ ተመልሰው ዌልስን 38 ለ31 ሲረቱም ነበረ። ጣሊያናዊው ማውሮ ቤርጋማስኮ በ2015 እስኪስተካከለው ድረስ በዚህ ብቻውን ቆየ። በ2011 በዓለም አቀፉ የራግቢ ፌዴሬሽን የክብር መዝገብ ስሙ ሰፈረ።

ሕዝብ የሚያስታውሰው ግን አንዲት ቅጽበት ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 2003፣ ብሪዝበን፤ ደቡብ አፍሪካዊው ዴሪክ ሁጋርድ ኳስ ሊቀበል ሲንጠራራ ሊማ እንደ መብረቅ ወረደበት። ያ ቪዲዮ ዛሬም ይዞራል። ሳሞአ ያን ቀን 60 ለ10 መሸነፏን የሚያነሣ የለም፤ ሰውየው በ12 ዓመት ውስጥ ለአገሩ ያስቆጠረውንማ ማን ያንሣው! ቅጽል ስም መጥፎ ነው፤ ከሥራ ሁሉ አንዱን መርጦ ሌላውን ይውጣል።

በ2007ቱ የዓለም ዋንጫ፣ 35 ዓመት ሞልቶት፣ ፈረንሳይ ላይ በናንት ከተማ ከእንግሊዝ ጋር ሲጫወቱ ጆኒ ዊልኪንሰንን ከደንብ ውጭ መታው። ሦስት ሳምንት ታገደ። ሳሞአ በዚያ ውድድር የቀራት ግን አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር።