ቦታው ሰበብ ነው፦ የ13 ወር የፎቶ ጉዞ ዕቅድ

ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ድንኳኑ ውስጥ የሚቆመው የሟች ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከመታወቂያ ላይ ተወስዶ እንዲተልቅ የተደረገ ነው። ፊቱ ደብዝዟል፤ የማኅተም ቁራጭ ጉንጩ ላይ ይታያል። ልጆቹም «አባባ እኮ እንዲህ አልነበረም» ይላሉ። ይህ የሚሆነው በየኪሱ ካሜራ ያለው ስልክ በሞላበት ዘመን ነው። የልጅ ልጆች በየቀኑ ይነሳሉ፤ ሠርጉም፣ ልደቱም፣ የምግቡ ሳህን ሳይቀር ይነሳል። አያቶች ግን ወይ ወጥ ቤት ናቸው፣ ወይ ፊታቸው ባቀፉት ልጅ ራስ ተሸፍኗል፣ ወይም «እኔን ተዉኝ፣ አርጅቻለሁ» ብለዋል።

የእኛ የፎቶ ክበብ የዓመት ዕቅዱን የሚያወጣው ይህን እያሰበ ነው። ክበቡ ትንሽ ነው፤ 14 ጡረተኞችና የልጅ ልጆቻችን ነን። ድሮ አንድ ሰፈር ነበርን። ሰፈሩ ከተነሳ በኋላ ግን አንዱ በከተማው ምሥራቅ፣ ሌላው በደቡብ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ተበታተንን። በወር አንድ ቀን የሚያገናኘን ዕድሩ ብቻ ነበር፤ አሁን ደግሞ የፎቶ ጉዞው አለ። እውነተኛ ካሜራ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የቀረነው በስልክ ነው የምናነሳው።

ዕቅዱ በነሐሴ ሲወጣ ሁልጊዜ ክርክር አለ። ወጣቶቹ ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ ዳሎልን ይጠራሉ። አንድ አባታችን ዳሎል የሚለውን ሲሰሙ «እዚያ የምትወስዱት እኔን ሳይሆን ሳጥኔን ነው» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። ሩቅ በተሄደ ቁጥር የሚቀሩት አዛውንቶቹ ናቸው። በጤና ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ያየሁትም ይኸው ነው፤ በሽተኛ ሲጓጓዝ ፍጥነቱን የሚወስነው ቃሬዛው ላይ ያለው ሰው እንጂ ተሸካሚው አይደለም። ስለዚህ በወር አንድ ቀን፣ ጠዋት ተወጥቶ ማታ ቤት የሚገባበት ቦታ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ለእያንዳንዱ ወርም ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ብርሃኑ እንዴት ነው? መንገዱ ማንን ያስቀራል? ማን ይነሳል?

መስከረምን በእንጦጦ እንጀምራለን። ዝናቡ ሲያባራ አየሩ ታጥቦ ይጠራል፣ አደይ አበባም ዳገቱን ያለብሰዋል። ጥሩው ብርሃን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ልብ፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው ከመኪና ወርዶ ወዲያው ዳገት አይወጣም። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ እኛም ያን ጊዜ ፎቶውን እናነሳለን። አምና አንዲት እናታችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አበባው ከኋላቸው፣ ስለ ድሮ የእንጨት ለቀማ እያወሩ ሲስቁ ተነሱ። በየካቲት ሲያርፉ ድንኳኑ ውስጥ የቆመው ፎቶ ያ ነበር። ልጃቸው «እናቴ ይህቺ ናት» ስትል ከሰማን ወዲህ በክበቡ አንድ ደንብ ወጥቷል። በየጉዞው እያንዳንዱ አዛውንት አንድ ጥሩ ፎቶ ሳይነሳ ቤቱ አይገባም። ቦታው ሰበብ ነው።

ጥቅምት የጢያ ነው። በቡታጅራ መንገድ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች በአንድ ግቢ ስለሚገኙ ብዙ እግር አያስጨርሱም። በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹት ሰይፎችና ምልክቶች እኩለ ቀን ላይ ጠፍጣፋ ይመስላሉ። ፀሐይ ከጎን ስትመታቸው ግን ጥላ ይዘው ብቅ ይላሉ። ለልጆቹ «ብርሃን ከጎን ይምጣ» የሚለውን ትምህርት ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ቦታ አላየሁም። የሰው ፊት ላይ ያለ መስመርም እንደዚያው ነው።

ኅዳር 12 ከከተማ አንወጣም። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ፣ ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ አዲስ አበባን ክፉኛ መትቷት ነበር። «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥልበት ልማድ ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው የሚተረከው። በማለዳ ጭሱ መሐል የሚገባው የፀሐይ ጨረር ለካሜራ ድንቅ ነው፤ ለሳንባ ግን አይደለም። አስም ያለባቸው በመስኮት ያያሉ፣ ሌላው ከነፋሱ ጎን ቆሞ ያነሳል። ማታ ቡና ተፈልቶ አዛውንቶቹ ከወላጆቻቸው ስለዚያ ዘመን የሰሙትን ለልጆቹ ያወራሉ።

በታኅሣሥ ቢሾፍቱ እንወርዳለን፤ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚል ለትንፋሽ ይቀላል። በዚህ ወቅት ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎች በሐይቆቹ ዙሪያ ይገኛሉ። ወፍ ማንሳት ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥት ደግሞ የአዛውንት ሀብት ነው። አምና ጥሩውን የወፍ ፎቶ ያመጡት የ71 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ልጆቹ ሲሮጡ ወፎቹ ሁሉ ተነሥተው ሄደው ነበር።

ጥር 10 ለከተራ ጃንሜዳ ድረስ አንገፋም። ታቦት የሚያልፍበትን ሰፊ መንገድ መርጠን፣ ጥላ ያለበት ዳር በጊዜ ቦታ እንይዛለን። ነጭ ልብስ ካሜራን እንደሚያታልል ማወቅ ያሻል። ነጠላው ብዙ ብርሃን ስለሚመልስ ካሜራው ምስሉን ያጨልመዋል፣ የጠይም ሰው ፊትም ይጠፋል። በስልክ ለምታነሱ መላው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩት፣ ከዚያ ብርሃኑን በጣታችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉት።

የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር እንገናኛለን። በ1929 ዓ.ም. በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በፋሺስት ጣሊያን ወታደሮች ያለቁት የከተማዋ ሰዎች መታሰቢያ ነው። ልጆቹ ሐውልቱ ላይ የተቀረጸውን በፎቶ እያነሱ ይጠይቃሉ፤ ከወላጆቹ የሰማ ይመልሳል።

መጋቢት የለገሐር ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር። ከመካከላችን አንዱ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ ያሳለፉ ናቸው፤ የድሮው ጣቢያ ፊት ቆመው ኮታቸውን ሲያስተካክሉ ማየት ብቻውን ያስደስታል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ስለሚል ከመጋቢት ወይም ከሌላ ወር ጋር ሲገጥም ጉዞውን ከ10 ሰዓት በኋላ አድርገን ሙስሊም ወንድሞቻችን ቤት አፍጥር ላይ እንጨርሳለን። በጾም ቀን ለሚውል ጉዞም የጾም ምሳ ይቋጠራል።

ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ ፀሐይ በአዲስ አበባ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። ያን ጊዜ ውጭ የተነሳ ሰው ዓይኑ ጉድጓድ ይመስላል። ስለዚህ በዚህ ወር ከቤት መውጣት የማይችሉትን አባሎቻችንን እንጠይቃለን። መስኮት አጠገብ ያለው ለስላሳ ብርሃን ለአዛውንት ፊት ከሁሉ ይሻላል። እዚህ ላይ የነርስ ደንቤን አጥብቄ እይዛለሁ። በሽተኛ ሳይጠየቅ ልብሱ እንደማይገለጥ ሁሉ፣ አልጋ ላይ ያለ ሰው ሳይጠየቅ ካሜራ አይወጣም። «እናንሳዎት?» ይባላል። እሺ ካሉ ፀጉራቸው ይበጠር፣ ነጠላቸው ይስተካከል፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ከጎን ይነሳ። እንቢ ካሉ ቡና ጠጥተን እንመለሳለን። መርሳት የያዘው ሰው ሲሆን ደግሞ አሳዳጊውን ወይም ልጁን መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ፊቱንም እዩ። ከተከፋ ይቅር።

በግንቦት ሱባ መናገሻ ደን ገብተን የጥድ ጥላ ሥር ጉሬዛ እንፈልጋለን። እዚያ መንገዱ ዳገት ስላለው ሁለት ቡድን እንሆናለን። አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ከመግቢያው ሳይርቅ ይቀመጣል። ሰኔ ዝናቡን ይዞ ሲመጣ ብሔራዊ ሙዚየምን እንጎበኛለን። ፎቶ ማንሳት በሚቻልበት ቦታ ጠባቂውን አስፈቅደን፣ ፍላሽ አጥፍተን ነው። ሐምሌ የአሮጌ አልበሞች ወር ነው። እያንዳንዱ ያለውን ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹ በመስኮት ብርሃን ደግመው ያነሷቸዋል፣ አዛውንቶቹ ስም ይናገራሉ። ይህን ወር አትዝለሉ። ስሙን የሚያውቀው ሰው ሲያርፍ ፎቶው የማይታወቅ ሰው ፎቶ ሆኖ ይቀራል። በነሐሴ 13 ዋዜማ የቡሄ ችቦ ሲበራ ልጆቹ «ሆያ ሆዬ» ይላሉ፣ አያቶች ሙልሙል ይሰጣሉ። እሳት ያበራው ፊት ያለ ፍላሽ ይነሳል፤ እጅ የሚንቀጠቀጥ ሰው ስልኩን ግድግዳ ላይ ያስደግፍ።

መሄድ ለምታስቡ አንባቢያን ከነርስ ጥቂት ምክር ላክል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው የቀኑን መጠን ይዞ ይውጣ፤ የስኳር በሽተኛ የሚቀመስ ነገር ከኪሱ አይለይ። ኮፍያ፣ ውኃና ቀላል በርጩማ ያስፈልጋሉ። ሚኒባሱ በየሰዓቱ ለመጸዳጃ ይቁም፤ ብዙ እናቶች መንገድ ላይ ላለመቸገር ብለው ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ፣ ይህም ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ኪራዩን ሁሉም እኩል ይክፈል፣ የከበደው ካለ ግን በጸጥታ ይሸፈንለት።

ጳጉሜን ላይ ጉዞ የለም። በእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ተሰብስበን የዓመቱን ፎቶ እንመርጣለን፣ የተመረጠውንም በወረቀት እናሳትማለን። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ የይለፍ ቃሉም ይረሳል፤ ወረቀት ግን ሣጥን ውስጥ ይቆያል። ከጀርባው ሙሉ ስም፣ ቦታ፣ ቀን እና ያነሳው ሰው ስም በእርሳስ ይጻፋል። አንዱ ቅጂ ለባለ ፎቶው፣ አንዱ ለልጆቹ፣ አንዱ ለክበቡ ነው። እናንተም ካሜራ እስክትገዙ አትጠብቁ። የሚመጣው እሑድ ጠዋት አያትን ጥላ ወዳለበት ደጃፍ አውጥታችሁ፣ ጥሩ ልብሳቸውን አልብሳችሁ፣ የወጣትነታቸውን ነገር ጠይቋቸው። ሲስቁ አንሷቸው።