ለነገ የተሰወረ ካርታ

ሰው ቤት ሊሠራ በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ መሬቱን በእርምጃው ይለካል፤ በሩ ወደየት እንደሚዞር፣ ምድጃው የት እንደሚሆን ከትዳር ጓደኛው ጋራ ይመክራል። ከተማም ቤት ናት። ልዩነቱ፣ ቤት ሠሪው ለራሱና ለልጆቹ ሲያስብ ከተማ የሚያቅደው ሰው ግን ገና ላልተወለደና ስሙን ለማያውቀው ሰው ጭምር ማሰብ ያለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ሙያ የተመራመርሁ ሊቅ ሆኜ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ፈጸምሁ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጥሬ እስከ ዛሬ በዚያው አለሁ። ነገር ግን በሥራዬ ምክንያት የከተማችን ፕላኖች በእጄ ያልፋሉ፤ በትውልዴ ደግሞ የአራዳ ልጅ ነኝ። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ቀን ተጋጭተውብኛልና ያን ለአንባቢዎቼ መንገር ይገባኛል።

የተወለድሁት ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሠፈር፣ ሁለት ክፍል ባላት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ እንደ እናቴ ያሉ ብዙ ሰዎች በጥቂት ብር ኪራይ በእንዲህ ያለ ቤት ኖረዋል። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መጸዳጃው ለስንት ቤተሰብ የጋራ ነበር። ሆኖም ጧት በጊዮርጊስ ደወል ተነሥቼ፣ በወርቅ ቤቶቹ መስተዋት ፊት እያለፍሁ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ የዓለም መካከል ያለሁበት ሠፈር ይመስለኝ ነበር።

ከተማችን በ1879 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ስትቆረቆር በወረቀት ላይ የተነደፈ ፕላን አልነበራትም። ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍል ውሃ የወረደው ሕዝብ እንደ ጦር ሠፈር ሥርዐት ሰፈረ፤ መኳንንቱ በየኮረብታው፣ ተከታዮቻቸውም በየግርጌው ሆኑ። እንደ ደጃች ውቤ ሠፈርና እንደ ሠራተኛ ሠፈር ያሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው። አራዳም ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው የታላቁ ገበያ ስም ነው። ይሁን እንጂ ፕላን የሌላት ከተማ ችግሯ አይዘገይም። ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል እንደ ቆየች በዙሪያዋ የነበረው እንጨት ተቆርጦ አለቀና፣ አፄ ምኒልክ ዋናውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ አስጀመሩ። ከመዛወር ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣው፣ ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ያን ጊዜ ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ፕላን አውጪ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሚመጡትን ዓመታት ማገዶ አስቀድሞ አስቧልና።

በወረቀት የተነደፈው የመጀመሪያው ሰፊ ፕላን ግን ለእኛ በማሰብ የወጣ አልነበረም። በፋሺስት ወረራ ዘመን ጉይዲና ቫሌ የተባሉ የኢጣልያ አርክቴክቶች ያዘጋጁት ፕላን ነጩን በአንድ ወገን፣ አገሬውን በሌላ ወገን የሚለያይ ነበር። የአራዳ ገበያ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ የሄደው፣ አራዳም ፒያሳ የሚል ተጨማሪ ስም ያተረፈችው በዚያው ዘመን ነው።

ከነጻነት በኋላ የመጡት ፕላኖች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 የታላቋን ሎንዶንን ፕላን ያወጡት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1948 ዓ.ም. ገደማ ለአዲስ አበባም ፕላን አዘጋጁ፤ የቀለበት መንገድን፣ ራሳቸውን የቻሉ ሠፈሮችንና በዙሪያዋ የሚቆሙ ትናንሽ ከተሞችን አሰቡ። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ቦልተን ሄነሲ የተባለው ድርጅት ያንኑ አሻሽሎ አቀረበ። በ1957 ዓ.ም. ገደማ ፈረንሳዊው ደ ማሪያን፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ የየራሳቸውን አቀረቡ። ቀጥሎ ኢትዮጵያና ኢጣልያ በመተባበር ያዘጋጁት በ1978 ዓ.ም.፣ ከዚያም በአገር ልጆች የተሻሻለው በ1995 ዓ.ም. ገደማ፣ በመጨረሻም የዐሥር ዓመቱ መዋቅራዊ ፕላን በ2009 ዓ.ም. ወጣ። እንግዲህ በስድሳ ዓመት ውስጥ ሰባት ፕላን መሆኑ ነው።

እነዚህ ሁሉ ከንቱ ቀሩ ማለቴ አይደለም። ፒያሳ ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ቍልቍል የተመለከተ ሰው፣ የቸርችል ጎዳና ቀጥ ብሎ ወደ ለገሃር ሲወርድ ያያል፤ ከተማዪቱን በዚህ መሥመር ማስጌጥ ከደ ማሪያን ፕላን ዋና ሐሳቦች አንዱ ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ፕላኖች ሥራ ላይ ሳይውሉ ከተማዪቱ ቀድማቸው ሄደች። የ1978ቱ ፕላን በሕግ የጸደቀው ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1986 ዓ.ም. ነው። በ1976 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ 1 ሚሊዮን 4 መቶ ሺህ ያህል ነዋሪ ሲያሳይ፣ በ1987 ዓ.ም. የተደረገው 2 ሚሊዮን 1 መቶ ሺህ ያህል አሳየ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2 ሚሊዮን 7 መቶ ሺህ ደረሰ። ወረቀቱ ፊርማ ሲጠብቅ ሕዝቡ ቤት መሥራቱን፣ ልጅ መውለዱን አላቆመም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ የማያቋርጥ ሩጫ ላይ ሆነን የታጠቅነው ሁሉ ይፈታብን ነበር።

ሌላም ትምህርት አለ። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞች ጋራ አቀናጅቶ የሚያቅድ ማስተር ፕላን በተሰማ ጊዜ፣ ገበሬው ከመሬቱ እንዳይነቀል ተሠጋ፤ ተማሪዎችም ተቃውሞ አነሡ፤ በዚያና በኋላ በተነሣው ተቃውሞ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ። ፕላን በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ መሥመርና ቀለም ነው፤ መሥመሩ የሚያልፈው ግን በሰው እርሻና በሰው ጓዳ ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። የዐሥር ዓመቱ ፕላን በወጣ ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቅል ካርታዎች ስመዘግብ የፒያሳን ሉህ አገኘሁ። ሰው በፎቶግራፍ መካከል አስቀድሞ የራሱን መልክ እንደሚፈልግ፣ እኔም ሠፈሬን ፈለግሁ። የጊዮርጊስን አደባባይ ይዤ በጣቴ ስከተል የእኛን ስርጥ መንገድ፣ ከመታጠፊያውም ላይ ቤታችን ያለችበትን ስፍራ አገኘሁት። በላዩ ቀለም ተቀብቷል። የቀለሙን ትርጕም ከግርጌው ባነበብሁ ጊዜ «መልሶ የሚለማ» ይላል። ቍጥር ሰጠሁት፤ ጠቅልዬም በመደርደሪያው ላይ አኖርሁት።

ያን ዕለት ማታ እናቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ፊቷ በርቷል።

«ልጄ፣ ዕቁቡ ወጣልኝ። ጣራው እንዳየኸው ነው፤ ላስቀይረው ወይስ ገንዘቡን ላስቀምጠው?» አለችኝ።

«እንደ ወደድሽ አድርጊ፣ እማዬ» አልኋት።

ጣራውን አስቀየረች፤ ወለሉን ሊሾ አስደረገች፤ ከጓሮም ትንሽ ማድ ቤት አስቀጠለች። እኔም ቅዳሜና እሑድ ሚስማር አቀባይ ነበርሁ።

ለምን ዝም አልሁ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ምስጢር ነው እንዳልል፣ ፕላኑ ለሕዝብ የተገለጸ ነበር። ሐዘን እንዳይገባት ብዬ ነው ብል ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። እውነተኛው ምክንያት ያየሁትን አለማመኔ ነው። ከመደርደሪያዬ ላይ ስድስት አሮጌ ፕላን አቧራ ለብሶ ተቀምጦ እያየሁ፣ ሰባተኛው የእናቴን ጣራ ይነካል ብዬ እንዴት ልመን? ፕላን ጠባቂ ሆኜ ተቀምጬ ፕላን ማለት ወረቀት ነው ብዬ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ በተመረቀበት ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ሥራ ተጀመረ፤ ዶሮ ማነቂያም ፈረሰ። እናቴ ዝገት እምብዛም ያልነካውን ቆርቆሮዋን በጭነት መኪና ላይ ስታስጭን እኔ ምጣዱን ይዤ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። በከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ቤት ገባች። ለእውነት መመስከር ይገባልና፣ ዛሬ ውሃው ከቤቷ ውስጥ ይወርዳል፤ መጸዳጃዋም የራሷ ነው። ፒያሳም መንገዷ ሰፍቶ፣ እግረኛ በሰላም የሚሄድባት ሆናለች። የጭቃው ግድግዳ ለዘለዓለም ይቁም የሚል ሰው በውስጡ ያልኖረ ነው። ነገር ግን የዕድሩ ሰዎች አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በደቡብ ተበተኑ፤ የአርባ ዓመት ጎረቤቷ ባረፈች ጊዜ እናቴ የሰማችው ከቀብር በኋላ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ከምኒልክ ሐውልት አጠገብ ቆም አለችና «አንተ የካርታ ሰው ነህ፤ ይህን ቀድመህ አታውቅም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየች።

«ብትነግረኝ ቤቱ አይፈርስም ነበር አልልም» አለች። «ግን ሰባት ዓመት ነበረን። የዕቁቡን ገንዘብ ለቆርቆሮ አላወጣውም ነበር። ከዕድርተኛው ጋራም ተመካክረን፣ አብረን አንድ ስፍራ አስፍሩን ብለን በጠየቅን ነበር። የከለከልኸን ቤቱን አይደለም፤ ጊዜውን ነው።»

ከብዙ ስብሰባና ከብዙ ጽሑፍ ያላገኘሁትን ትምህርት ከዚህ ቃል አገኘሁ። የረጅም ጊዜ ፕላን ጥቅሙ ጊዜ መስጠቱ ነው። ባለሙያው ዐሥር ዓመት ቢያስብበት፣ ባለቤቱ ግን የሚሰማው በመጨረሻው ወር ከሆነ፣ ያ ፕላን ለእርሱ ድንገተኛ አደጋ ነው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የምንገኝ ሠራተኞች ፕላኑን ከመደርደሪያ አውርደን በየወረዳው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ብንሰቅለውና በሕዝቡ ቋንቋ ብናስረዳው፤ መምህራንም የሩቅ አገርን ካርታ ሲያስተምሩ የሠፈርን ካርታ ማንበብ ቢያክሉበት፤ ተማሪዎችም ማታ ለወላጆቻቸው ቢያነቡላቸው፣ ብዙ ሀብት ሳያስወጣ ብዙ ጥፋት የሚያስቀር ይመስለኛል።

እኔም በበኩሌ ጀምሬአለሁ። እናቴ «የዚህኛውንስ ሠፈር አምጥተህ አሳየኝ» ብላኝ፣ የአዲሱን ሠፈሯን ፕላን ቅጂ በወጉ አስፈቅጄ ወሰድሁላት። ቡና የተጠሩት ሴቶች ጠረጴዛውን ከበው ጠጋ አሉ። መንገዱ የት እንደሚያልፍ፣ የእኛ ሕንጻ የቱ እንደ ሆነ አሳየኋቸው። ከመካከላቸው አንዲት አረጋዊት እናት ጣታቸውን በአንድ ባዶ ቦታ ላይ አሳርፈው «ይህ ሜዳ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ምንድን ነው የተባለው?» አሉኝ።

«ለትምህርት ቤት የተከለለ ነው፣ እማማ» አልኋቸው።

መነጽራቸውን አስተካክለው ደግመው አዩትና «እንግዲያውስ ሌላ ነገር ሊሠራበት የመጣ ሰው እንደ ሆነ፣ አውቀናል እንለዋለን» አሉ።