አንድ ገመድ፣ ሃያ በቅሎ

አርብ ከሰዓት ኩዌት፣ ሚርቃብ ውስጥ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሀበሻ ወሬው የታወቀ ነው፤ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ ደመወዝ፣ ሀገር ቤት ተጀምሮ የቆመ ቤት። እኛ ግን ባለፈው ስለ በቅሎ ስንጨቃጨቅ አመሸን። የነገሩ ቆስቋሽ ካብድ አካባቢ ግመል የሚጠብቀው የከሚሴ ልጅ ነው። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ ቪዲዮ አሳየኝ። ሸምገል ያለ አሜሪካዊ አንዲት ለጋ በቅሎ ግንድ እያስጎተተ ከኋላዋ ይራመዳል። እጁ ላይ ያለው ገመድ አንድ ብቻ ነው፤ በዚያችው ገመድ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያዞራታል።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ዛብ የት ሄደ?» አለኝ።

«ሲስቡት ግራ፣ ነጠቅ ነጠቅ ሲያደርጉት ቀኝ» የሚል ነገር ድሮ አንብቤያለሁ። ለምን እንዲያ እንደሚሆን ግን ከአእምሮዬ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ግማሽ ዕውቀት እንቅልፍ ይነሳኛልና ማገላበጥ ጀመርኩ።

ገመዱ የሚታሰረው ከልጓሙ በግራ በኩል ነው። ነጂው ረጋ ብሎ ሲስበው የበቅሎዋ አፍ ወደ ግራ ይዞራል፣ እግሯም ይከተላል። ይኼ ማንም የሚገባው ነገር ነው። ጉዱ ያለው ቀኙ ላይ ነው። ገመዱን አጠር አጠር አድርጎ ሲነጥቀው በቅሎዋ ራሷን ቀና ታደርግና ከንዝንዙ ለመሸሽ ትሞክራለች፤ ንዝንዙ ያለው በግራ ስለሆነ መሸሻዋ ቀኝ ነው። በዚህ ላይ ቃል ይጨመራል፤ የአሜሪካ ነጂዎች ለቀኝ «ጂ»፣ ለግራ «ሃው» ይላሉ። ለጋዋ በቅሎ መጀመሪያ ገመዱንና ቃሉን አንድ ላይ ትማራለች። ሲቆይ ቃሉ ብቻ ይበቃታል፣ ገመዱም ላልቶ ይንጠለጠላል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በአንድ በቅሎ ያርሱ የነበሩ አንዳንድ ጥጥ አምራቾች የሚነዱት እንዲህ ነበር፤ እጃቸው ማረሻው ላይ ስለነበረ ሁለት ዛብ መጨበጥ አይመቻቸውም።

ጥበቡ ጥግ የደረሰው ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ዴዝ ቫሊ በሚባለው የሞት ሸለቆ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1889 ድረስ ቦራክስ የሚባለውን ማዕድን ከሸለቆው አውጥቶ ሞሃቪ ባቡር ጣቢያ የሚያደርሰው የሃያ እንስሳ ጋሪ ነበር። መንገዱ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የ10 ቀን ጉዞ ነው። ሁለት ግዙፍ ሠረገላ፣ ከኋላቸው የውኃ በርሜል፣ ከፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ረጅም ሰንሰለት የተጠመዱ እንስሳት። ነጂው የያዘው ገመድ ያን ሁሉ ርቀት አልፎ ከፊተኛው ጥንድ የግራዋን በቅሎ ብቻ ይነካል። እሷን ከቀኟ ጓደኛዋ ጋር አንድ ዱላ ያገናኛቸዋል፤ ወደ ቀኝ ስትሄድ ትገፋታለች፣ ወደ ግራ ስትዞር ትስባታለች። የተቀሩት ይከተላሉ። መንገዱ ሲታጠፍ ሰንሰለቱ ወደ ውስጠኛው ጥግ ስለሚሸሽ፣ ወደ ሠረገላው ቀረብ ያሉት በቅሎዎች ስማቸው ሲጠራ ሰንሰለቱን ዘለው ወደ ውጭ እየጎተቱ ሠረገላው ጥጉን እንዳይመታ ያደርጋሉ። ይኼን የሚያዝ ገመድ የለም፤ ቃልና ልምድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። «ሃያ በቅሎ» ተብሎ በሳሙናና በዱቄት ካርቶን ላይ ዓለምን የዞረው ቡድን አብዛኛውን ጊዜ 18 በቅሎና 2 ፈረስ ነበር። ፈረሶቹ የሚጠመዱት ከሠረገላው አጠገብ፣ ሸክሙ በሚከብድበት ቦታ ነው። እኛ ዘንድ በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት ብላ በእናቷ ትኮራለች። እዚያ ደግሞ የእናትየውን ወገን ጠምደው ስሙን ለልጅ ሰጡት። አንድ መቶ ዓመት ያለፈው ማስታወቂያ ሊያናድደኝ አይገባም ነበር፤ ግን አናደደኝ።

የኩዌት ሰው ደግሞ ሌላው የሚያልፈውን ነገር ያስተውላል። ዴዝ ቫሊ በ1913 የተመዘገበበት 56.7 ዲግሪ እስካሁን የዓለም ክብረ ወሰን ነው፤ እኛ አናት ላይ ያለችው ሚትሪባህ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016፣ 53.9 ዲግሪ ደርሳለች። ታዲያ በቅሎዎቹ በበጋ ምን ሆኑ? የማዕድኑ ሥራ በበጋ አማርጎሳ ወደሚባል ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይዛወር ነበር። አዝነውላቸው እንዳይመስላችሁ! ሙቀቱ ሲበረታ ቦራክሱ አልረጋ ስላለ ነው። እዚህም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁን 1 እስከ ኦገስት 31፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ውጭ ማሠራት የተከለከለ ነው። ሕጉ ጥሩ ነው። በዚያ ሰዓት ሞተር ብስክሌት ላይ ምግብ ይዘው ይከንፉ የነበሩትን ልጆች ሳስብ ግን ቦራክሱ የተሻለ ጠበቃ እንደነበረው ይሰማኛል።

የከሚሴው ልጅ ይኼን ሁሉ ካዳመጠኝ በኋላ የራሱን አመጣ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የግመል ነው!» አለ። ግመል የሚጋለበው በአንድ ገመድና በአንድ ዱላ ነው፤ ገመዱ ይስባል፣ ዱላው አንገቷን ነካ ያደርጋል። እሱ እንደሚለው አሜሪካኖቹ የአንድ ገመድ ዘዴን የወሰዱት ከዐረብ ግመለኞች ነው። ሳቅ ብዬ ላልፈው ነበር፤ ነገር ግን ታሪኩ ከንቱ አልነበረም። የአሜሪካ ጦር በ1856 ቴክሳስ ውስጥ ኢንዲያኖላ ወደብ ላይ ግመሎችን ከነጠባቂዎቻቸው አውርዷል። ከነሱ አንዱ ሐጂ ዓሊ የሚባለው፣ አሜሪካኖች አፋቸው አልታዘዝ ብሎ «ሃይ ጆሊ» ያሉት ሰው ነው። በ1902 አሪዞና ውስጥ ሞቶ መቃብሩ ላይ የግመል ምስል ቆሞለታል። ግመሎቹ 1856፣ ሃያዎቹ በቅሎዎች 1883፤ ዓመታቱ ይገጥማሉ። ወዳጄ አሸነፍኩ ብሎ ቡና ጨመረልኝ።

ለዚህ ነገር ከሚገባው በላይ ጊዜ ሰጠሁ፤ መልሱ ከፔንሲልቬንያ መጣ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ ይጭኑ የነበሩ ኮኔስቶጋ የሚባሉ ጋሪዎች ነበሩ። ነጂያቸው ከጋሪው በግራ በኩል በእግሩ ይሄዳል፣ ሲደክመው ከጎን በምትወጣ ሳንቃ ላይ ይቀመጣል፤ ከፊት ያለውን የግራውን ፈረስ የሚያዝበት ገመድም አንድ ነው። ግመሎቹ ቴክሳስ ሲረግጡ ዘዴው ቢያንስ ሁለት ትውልድ አልፎታል። የከሚሴው ልጅ ይኼን ስነግረው «እነዚያም ከዐረብ ሰምተው ነው» አለ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ክርክር አይቋጭም።

እኛስ? ለጌታና ለእመቤት ኮርቻ፣ ለነጋዴ ጭነት በቅሎ ገርተናል። ሰጋር በቅሎ ከፈረስ በላይ ይከበር ነበር፤ የቤተ መንግሥቱን ፈረስና በቅሎ የሚያዝ ባልደራስ የሚባል ሹም ነበረ። ጋሪ ማስጎተት ግን ልማዳችን አልነበረም፤ መንኮራኩር የሚሄድበት መንገድ የት አለና! አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩትን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መቅደላ ያደረሱት በ1860 ዓ.ም. ነው፤ መንገዱን የጠረገውም መድፉን የጎተተውም ሰው ነው። ሊወጓቸው የመጡት እንግሊዞች ደግሞ በሌላ አቅጣጫ 44 ዝሆንና በሺዎች የሚቆጠር በቅሎ ይዘው ወጡ። የእኛ በቅሎ መጎተት ብትለምድ ኖሮ የዚያ ሁሉ ሰው ትከሻ ያርፍ ነበር ባይ ነኝ።

በገመድ ነገር ግን ከአሜሪካኖቹ አንሰን አናውቅም። የጎጃም ገበሬ በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ሁለት በሬ ያርሳል፤ ዛብ የሚባል ነገር የለውም። ድምፁን ሰምተው ይዞራሉ፣ ድምፁን ሰምተው ይቆማሉ። እነሱ ሁለቱን ዛብ አንድ አደረጉ፤ እኛ ከነአካቴው ትተነዋል። የሁለቱም ምሥጢር ደግሞ አንድ ቦታ ነው የሚገናኘው። ወይፈን ሲገራ የሚጠመደው ከለመደ በሬ ጋር ነው። ካሊፎርኒያም ለጋዋ በቅሎ የምትገባው በቡድኑ መካከል ነበር፤ ከፊቷ የምታውቅ፣ ከኋላዋ የምትችል። ብትደነግጥ የምትሮጥበት የለም፣ ብትለግም ይዘዋት ይሄዳሉ። ነጂው ከሚያስተምራት ይልቅ ጎረቤቶቿ የሚያስተምሯት ይበልጣል።

ስለዚህ ሀገር ቤት ጋሪ ያላችሁ፣ ለጋ በቅሎ ወይም ፈረስ ለመግራት ያሰባችሁ፣ ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ የለመደ እንስሳ ፈልጉና ከጎኑ ጥመዱ። ለቀኝ አንድ ቃል፣ ለግራ አንድ ቃል ምረጡ፤ ዛሬ ያላችሁትን ነገ አትቀይሩ። ልጓሙን የምትነጥቁት ቃሉ ከወጣ በኋላ ይሁን፣ እሱም በልኩ። በጋሪ ፈረሶቻችን አፍ ላይ የማየው ቁስል አንዱ መነሻ ይኼን ቅደም ተከተል መገልበጥ ይመስለኛል።