የእንግሊዝ ፖለቲካ ለጭሮ ምኗ ነው?

በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ተሰብስበን ስለ እንግሊዝ ፖለቲካ ስንወያይ፥ «ይህ ለጭሮ፥ ለቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፥ ምኗ ነው?» የሚሉን ጓደኞች አይታጡም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከደጃችን አይርቅም።

በጥር ወር 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት፥ በሚኤሶ በኩል የሚያልፈው የምድር ባቡር በእንግሊዞች እጅ ቆየ፤ ሊለቁት የተስማሙት በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. ውል ነው።

ይህ የአያቶቻችን ዘመን ነው ቢባል፥ የቅርቡን እንመልከት። የእንግሊዝ መንግሥት የአደንዛዥ ዕፆች አማካሪ ጉባኤ በጥር 2005 ዓ.ም. ጫት እንዳይከለከል መከረ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ግን ምክሩን አልተቀበሉም፤ ከሰኔ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ጫት ተከለከለ። ከኬንያና ከኢትዮጵያ ይገባ የነበረውም ቀረ። ይከልከል ብለው ከጠየቁት መካከል እዚያው የሚኖሩ የሶማሌ ተወላጆች ነበሩበት፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ የባዕድ ተንኮል ነው ማለት አይቻልም።

ብዙዎቻችን የጫት ገበሬ ልጆች ነን፤ ደብተርና እስክሪብቶ የተገዛልን በጫት ገንዘብ ነው። ጫት የጓደኞቻችንን የጥናት ሰዓት ሲበላም በዓይናችን እናያለን። ስለዚህም ዓርብ ዕለት ክርክሩ ይጠነክራል፤ ሁለቱም ወገን እውነት አለው።

እንግሊዞች ለራሳቸው አገር ሲወስኑ የገለምሶን ገበሬ አልጠየቁትም፤ ሊጠይቁትም ግዴታ የለባቸውም። ግዴታው የእኛ ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ስንይዝ፥ ጫቱን ተክቶ የሚያበላውን ሰብል ሳናሳይ «ንቀል» ልንለው ነውን?

የሚመጣው ዓርብ ርእሳችን ይኸው ነው። ከሂርናም ከበዴሳም የመጣችሁ፥ የወላጆቻችሁን አሳብ ጠይቃችሁ ተገኙ።