ጥርስ ነው ወይስ ጠጠር?

ሐዳር በአፋር፣ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ ነው። የድንቅነሽ አፅም በ1967 ዓ.ም. የተገኘው እዚሁ ነው። ዕድሜው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው።

ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ገደሉ ወረድን። መሬቱ ጠጠር ብቻ ነው። ቡናማ ነገር አየንና «ጥርስ!» ብለን ጮኽን። መንገድ የሚመሩን አፋር ሽማግሌ ሳቁብን። «ጎንበስ ብላችሁ እዩት እንጂ» አሉን። ጎንበስ ብንል ዙሪያው አንድ ዓይነት፣ ድቡልቡል ጠጠር ነው። አፈርን።

እልፍ ብለን ሌላ አገኘን። ይሄኛው ላዩ እንደ ስኒ ያብለጨልጫል። ማላመጫው ጉብታና ስርጉድ አለው። ሥሩ ግን ደብዛዛ ነው። ስብራቱ ላይ ሽፋኑና ውስጡ ለየብቻ ይታያል። ጠጠር እንዲህ የለውም። በቀለም ብቻ አትፍረዱ፤ ጥርስም አፈር ውስጥ ሲቆይ ይጠቁራል። የሰው ይሁን የከርከሮ አላወቅንም።

ልናነሣው ስንል ሽማግሌው እጃችንን ያዙ። ከተነሣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ይጠፋል። ዕድሜው የሚታወቀው ደግሞ በንብርብሩ መሃል ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አጠገቡ ድንጋይ ከምረን፣ ለቅርስ ሠራተኞች ልንናገር ተመለስን።